የታመነችው እህት

ሰው በእህቱ ቤት ይቀናል፤ በእህቱ ባል፣ በልጆቿ፣ በመልኳም ይቀናል። ናሬል ግን በታናሿ በጆዲ የቀናችው ጆዲ ስለታመነች ነው። ይህ ደግሞ ለማን ይነገራል? ለባል አይነገር፣ ለእናት አይነገር። ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛው ኖረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ያደጉት ዋራቢን በምትባል የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ ነው። በልጅነታቸው በማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ገንዳ ዋና ይማሩ ነበር። አሰልጣኙ ኮሊን ቴትሎው ይባላል። ከተማው ያከበረው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አምነው የሚሰጡት ሰው ነበር። ይህ ሰው በሁለቱም ላይ፣ አንዷ የሌላዋን ሳታውቅ፣ በልጅ ላይ የማይደረግ ነገር አደረገ። ሁለቱም ዝም ብለው አደጉ። ዝም ብለው አገቡ፣ ወለዱ፣ ፀጉራቸውም ሸበተ።

ዝምታውን የሰበረችው ናሬል ናት። የቴትሎው ስም በገንዳው በር ላይ በትልቁ ሊጻፍለት ነው ሲባል ሰማች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ ከዚያ በቀጥታ ጆዲ ቤት ሄደች። ጆዲ ጓሮ ውስጥ አንሶላ እያሰጣች ነበር።

«አንቺንም ነክቶሻል?» አለቻት።

ጆዲ አንሶላውን በመካከላቸው ዘረጋችው። ከአንሶላው ወዲያ ሆና «ተይኝ» አለች።

«ጆዲ!»

«ተይኝ አልኩሽ! እኔ ረስቼዋለሁ። የሞተ ነገር ለምን ትቆፍሪያለሽ?»

«ካልነካሽ ‹አልነካኝም› ትይ ነበር።»

ጆዲ የቀሩትን ልብሶች ማስጣት ቀጠለች። ናሬል ግን እየተመላለሰች ለመነቻት፤ አንዳንዴ ተቆጣቻት፣ አንዳንዴ አብራት አለቀሰች። ከብዙ ወራት በኋላ ጆዲ «እሺ፣ ለአንቺ ስል ብቻ» ብላ መጣች። ናሬል በኋላ ደጋግማ የምታስታውሰው ይህችን ቃል ነው። ለአንቺ ስል ብቻ።

የሁለቱም ክስ በአንድ ችሎት፣ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም እንዲሉ ከሕዝቡ በተመረጡ አሥራ ሁለት የጁሪ ሰዎች ፊት ታየ። ናሬል በደንብ ተዘጋጅታ ነበር። ሥራዋ የትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው። ወላጅ መጥቶ «ልጄ ባለፈው ሰሞን አሞት ነበር» ቢላት «ባለፈው ሰሞን የሚባል ቀን የለም፤ ቀኑን ይንገሩኝ» ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ቀን የሌለው ነገር በእሷ ጠረጴዛ ላይ አያልፍም። ስለዚህ ፖሊሱ ገና ሲጠይቃት ቀን ሰጠችው፤ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ማግስት፣ በጥር፣ ከሰዓት በኋላ፣ በገንዳው ልብስ መቀየሪያ ውስጥ አለች። ሁለቱም ክሶቿ ድርጊቱ በዚያው ቀን እንደተፈጸመ አድርገው ተጻፉ። በችሎትም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ቃሏን ሳታዛንፍ ይህንኑ ተናገረች።

ጆዲ ደግሞ ተቃራኒዋ ነበረች። የቴትሎው ጠበቃ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ሲላት «ትንሽ ነበርኩ»፤ «ወሩስ?» ሲላት «አላስታውስም»፤ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ሲላት «እኔ እንጃ፣ እርጥብ ነበር» ትላለች። ናሬል ከኋላ ተቀምጣ ጥርሷን ነከሰች። ምን ነካት ይቺ ልጅ! ሁሉንም ነገር ልታበላሽብን ነው፣ ብላ አሰበች።

ከዚያ የቴትሎው ጠበቃ አንድ ሽማግሌ ጠራ። ሚስተር ግሪብል የገንዳው ጠባቂ የነበሩ ሰው ናቸው። ቴትሎውን ለመርዳት የመጡ አይመስሉም ነበር፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ወደ ናሬል ላለማየት እየተጠነቀቁ፣ የተጠየቁትን ብቻ መለሱ። በዚያ በጋ ክፉ ድርቅ ነበር አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ውኃ ለመቆጠብ ገንዳውን ከገና በፊት አድርቆ ዘጋው። ልብስ መቀየሪያውም ተቆልፎ ነበር። ልጆች አጥር እየዘለሉ ገብተው በባዶው ገንዳ ውስጥ ከሥሩ መሽከርከሪያ ጎማ ባለው ጫማ ይንሸራተቱ ነበር፤ ስንቱን አባረርኩ አሉ።

ባዶው ገንዳ ለናሬል በዓይኗ ላይ መጣባት። አስታወሰችው። እሷም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች፤ የባለ ጎማ ጫማዋ ማሰሪያ ቀይ ነበር። ያ የደረሰባት ነገር በዚያ ጥር አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጥር ነው ወይም በሚቀጥለው። ነገሩን አልተሳሳተችም፤ ቀኑን ተሳሳተች። ቀን ስጪ ብሎ ያስገደዳት ግን ማንም አልነበረም።

የጁሪው አለቃ ቆሞ ውሳኔውን ሲያነብ መጀመሪያ የናሬል ሁለት ክሶች መጡ። ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋተኛ አይደለም። ቀጥሎ የጆዲ ሁለቱ። ጥፋተኛ ነው። ጥፋተኛ ነው። ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ አልተናገሩም። በዚያ አገር ጁሪ ምክንያት አይሰጥም። ወደ ቤቱ ሄዶ አፉን ይዘጋል፤ ለምን ብሎ መጠየቅም ወንጀል ነው። ቴትሎው እስር ቤት ገባ። ዐቃቤ ሕጓ፣ ሚስ ፓርናቢ የምትባል ቀጭን ወጣት፣ የናሬልን ክንድ ይዛ «ይህ ለሁለታችሁም ድል ነው» አለቻት። ናሬል አንገቷን ነቀነቀች። ወደ መኪናዋ ስትሄድ «ለሁለታችሁም» የሚለው ቃል እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ይቆረቁራት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለጆዲ ሆነ። ሴቶች በሸክላ ሳህን የዶሮና የድንች ምግብ እየሠሩ በሯ ላይ አስቀመጡላት። ሥጋ ሻጩ «ጀግና ነሽ» ብሎ ምርጡን የበግ ጎድን ቆረጠላት። ናሬልን ሲያገኟት ግን ሰዎች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «አይዞሽ» ይሏታል፤ ለታመመ ሰው እንደሚባለው። አንዳንዶቹ ጭራሽ መንገድ ይሻገራሉ። ጆዲ ፀጉሯን አጠር አድርጋ ተቆረጠች። ክብደት ቀነሰች። «አንቺ፣ እንቅልፍ እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! እንደ ሕፃን ነው የምተኛው» ትላለች ቡና እየጠጡ። ናሬል «ጎሽ» ትላለች። እሷ ግን ጣሪያ እያየች ነው የምታነጋው።

ከሁሉም የባሰው ቅጣቱ የተወሰነበት ቀን ነው። በሕጋቸው መሠረት ያን ቀን ስለደረሰባት ጉዳት ለፍርድ ቤቱ መናገር የምትችለው ክሷ የጸናላት ሴት ብቻ ናት። ናሬል ተመልካች ሆና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጆዲ ወረቀቷን ይዛ ቆመች። አነበበች፣ አነበበችና «እስከ ዛሬ የክሎሪን ሽታ ሲሸተኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ልጆቼን ዋና ወስጄ አላውቅም» አለች።

ናሬል ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ያ የሷ ነው! ክሎሪን ሲሸታት ጉሮሮዋ የሚዘጋው ናሬል ናት። ልጆቿን ዋና ወስዳ የማታውቀው ናሬል ናት። ጆዲማ ባለፈው በጋ ከልጅ ልጆቿ ጋር ገንዳ ውስጥ ስትንቦጫረቅ ፎቶ ተነስታለች! ዳኛው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዜና የሚጽፉት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ናሬል በልቧ «ፍርዱን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ሕመሜን ወሰደችው» አለች። በኋላ ግን ምንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች?

ነገሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ ናሬል ቅናቷን ይዛ ታረጅ ነበር። ቴትሎው ግን ይግባኝ አለ።

ሚስ ፓርናቢ ይህን ልትነግራቸው እናታቸው ቤት ድረስ መጣች። እናታቸው ቤቭ እሁድ እንደልማዳቸው የበግ ጥብስ ሠርተው ነበር፤ እንግዳዋንም አስገድደው አስቀመጧት።

«ብዪ እንጂ የኔ ልጅ፤ አጥንትሽ ገጥጧል። ይግባኙ ምንድን ነው የሚለው?» አሏት።

ፓርናቢ ሹካዋን አስቀመጠች። «ውሳኔዎቹ እርስ በእርስ ይጋጫሉ ነው የሚሉት። አንድ ጁሪ፣ አንድ ተከሳሽ፣ አንድ ገንዳ። ነገሩን የጀመረችው ታላቅየዋ ናት፤ ጁሪው እሷን ካላመነ፣ እሷ የጎተተቻትን ታናሿን ሊያምን አይችልም፤ ስለዚህ የጆዲም ፍርድ ይፍረስ ነው የሚሉት።»

ጆዲ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይህን ሰምተው ይለቁታል?» አለች።

«ሊለቁት ይችላሉ። ላይለቁትም ይችላሉ። ሁለት የተለያየ ውሳኔ ለመስጠት ጁሪው በቂ ምክንያት ነበረው ወይ የሚለውን ሦስት ዳኞች ያያሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ጠንከር አደረገች። «አንድ ነገር አደራ። ከጁሪው ሰዎች አንዳቸውን መንገድ ላይ ብታዩ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ። ስለ ፍርዱ አንድ ቃል ቢወጣ ለቴትሎው ጠበቆች ሠርግና ምላሽ ነው።»

ናሬል ሳህኗን አየች። በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲሞቃት ተሰማት። መጀመሪያ ፍርሃት መሰላት። ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ፍርዱ ቢፈርስ ሁለታችንም እኩል እንሆናለን የሚል፣ አስቀያሚ፣ ትንሽ ደስታ። በዚያው ቅጽበት ጆዲ በጠረጴዛው ሥር እጇን ፈልጋ ያዘቻት። የጆዲ እጅ በረዶ ነበር። ናሬል እጇን አልነጠቀችም፤ አልጨበጠችውምም።

የይግባኙ ክርክር በሲድኒ ተሰማ። ዳኞቹ ውሳኔውን ለሌላ ቀን ቀጠሩ። በመካከሉ የዋራቢን ዓመታዊ የእርሻ ትርዒት ደረሰ።

ናሬል በትርዒቱ ላይ በኬክ ውድድር ክፍል ታገለግላለች። ፈራጇ ሴትዮ ኬኮቹን እየቆረጡ ይቀምሳሉ፣ ናሬል ከኋላቸው እየተከተለች የሚሉትን በትንሽ ካርድ ላይ ትጽፋለች። «ሥሩ አሯል።» «ዘቢቡ ወደ ታች ሰምጧል።» «ላዩ ላይ የሽቦ ምልክት አለ»፤ ይህ የመጨረሻው ከባድ ጥፋት ነው። ኬክ ሲቀዘቅዝ የተቀመጠበት ሽቦ መስመር ካተመበት፣ ምንም ቢጣፍጥ የአሸናፊ ሪባን አያገኝም። ያን ዓመት ናሬል ካርዶቹን ስትጽፍ እልህ ያዛት። ለኬክ እንኳ ለምን እንደተሸነፈ ይነገረዋል!

ከሰዓት በኋላ ሰዎች ኬካቸውን ሊወስዱ መጡ። አንዲት ሴት የራሷን አንሥታ ካርዱን አነበበችና ጮኸች።

«የሽቦ ምልክት! ታዲያ የት ላቀዝቅዘው? አናቴ ላይ?»

ናሬል ሳቀች። «ፎጣ ጣል አድርጊበት፣ ከዚያ ገልብጪው። ሁሉም የሚሠራው ስህተት…» ብላ ቀና ስትል፣ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ መነጽሯን በዶቃ ሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ናሬል ያንን ሰንሰለት ታውቀዋለች። ስትመሰክር ቀኑን ሙሉ ስታየው የዋለችው ነው፤ ከጁሪው በሁለተኛው ረድፍ፣ ጫፍ ላይ።

ሴትዮዋም አወቀቻት። ኬኳን ደረቷ ላይ አቅፋ በፍጥነት ወጣች። ናሬል ለአንድ አፍታ ባለችበት ቆመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ጥላ ተከተለቻት።

ከአዳራሹ ጀርባ የፈረስ ማጓጓዣ መኪናዎች በቆሙበት ደረሰችባት።

«ቆይ! ቆይ በናትሽ!»

«መነጋገር አልችልም። ታውቂያለሽ እኮ።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ዝርዝር አልፈልግም። አዎ ወይም አይ በይኝና ሂጂ። ዋሽታለች ብላችሁ ነው?»

ሴትዮዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየች። ማንም የለም፤ አንድ ፈረስ ብቻ በመስኮት አፍንጫውን አውጥቶ ያያቸዋል። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

«ስንት ሌሊት እንዳሰብኩሽ ብታውቂ» አለች። «ያን ሳምንት ከወጣን ጀምሮ… ስሚኝ፣ እኛ እኮ አንቺን…»

ናሬል ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ዓረፍተ ነገር ይኸው መጣ። ግማሹ ወጥቷል። ግማሹ ሴትዮዋ አፍ ውስጥ ነው። ናሬል ግን ራሷን ታውቃለች። ደግ ነገር ከሆነ ይዛው አታድርም፤ ዛሬውኑ ለጆዲ፣ ነገ ለሥጋ ሻጩ፣ ከነገ ወዲያ ለከተማው ሁሉ ትናገራለች፤ «አምነውኛል፣ ከራሳቸው አፍ ሰማሁ» ትላለች። ክፉ ነገር ከሆነም በንዴት ታፈነዳዋለች። በሁለቱም መንገድ የቴትሎው ጠበቆች ዘንድ ይደርሳል። ጆዲ በእንቅልፍ ልቧ ስትተነፍስ ታያት፤ እንደ ሕፃን፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ልክ ሁለቱም በአንድ ክፍል ሲያድሩ እንደነበረው።

«ተይው!» አለች፤ እጇንም ዘረጋች። «አትጨርሺው!»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «አንቺ ነሽ እኮ የጠየቅሽኝ!»

«ጠየቅኩ። አጠፋሁ። አትንገሪኝ። በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ ሂጂ።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቆመች። ከዚያ የምታደርገው ቢጠፋት ኬኩን ወደ እሷ ዘረጋች። «ቢያንስ ይህን…»

«ኬክም አትስጪኝ! ጉቦ ነው ይሉናል!»

ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሄደች። ናሬል ከፈረሱ ጋር ቀረች። ትልቅ ነገር የሠራች አልመሰላትም። የተራበች ሰው እንጀራዋን ለሌላ ሰጥታ ስትመለስ የሚሰማት ዓይነት ባዶነት ብቻ ነበር የተሰማት።

በማግስቱ ለሚስ ፓርናቢ ደውላ ሁሉንም ተናገረች። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማ ከእሷ ቢሰማ ይሻላል አለች። ፓርናቢ ወዲያው ጠየቀቻት።

«እና ምን አለችዎት?»

«ምንም። አስቆምኳት።»

«አስቆሟት?» አለች ፓርናቢ። «ይህን ለዳኞቹና ለወዲያኛው ወገን የመናገር ግዴታ አለብኝ። እርስዎንም ሊያስጠይቅዎት ይችላል። ለእህትዎ እርስዎ ይንገሯት።»

ናሬል ጆዲ ቤት ሄደች፤ ቆማ ነገረቻት። ጆዲ መጀመሪያ የሰማችውን ማመን አቃታት። ከዚያ ጮኸች።

«ልታጠፊኝ ነበር! ‹ዝም ብላችሁ እለፉ› ተብለሽ! አንቺ፣ ሁልጊዜ ሕግ ሕግ የምትይ!»

«አዎ።»

«ምን ‹አዎ›? ለምን? ምን በድዬሽ?»

«ስላመኑሽ!» አለች ናሬል። ቃሉ ሲወጣ እሷንም አስደነገጣት። «ቀንቼብሽ ነው። አመኑሽ፤ እኔን አላመኑኝም። እኔ ነኝ የጀመርኩት፤ እኔ ነኝ ለምኜ ያመጣሁሽ። አንቺ ‹አላስታውስም› እያልሽ አመኑሽ! ይግባኝ አለ ሲባል እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የክሎሪኑን ነገር ስታነቢማ… ያ የኔ ነው፣ ጆዲ! አንቺ ገንዳ ውስጥ እኮ ነው የምትውዪው!»

ጆዲ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ረገፈ።

«አውቃለሁ ያንቺ እንደሆነ» አለች። «የኔን ማንበብ አቃተኝ። ስጽፈው እጄ እንቢ አለኝ፤ ለባሌ እንኳ ተናግሬው የማላውቅ ነገር ነው። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። ያንቺን ተበደርኩ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈራሁሽ።»

«ፈራሽኝ?»

«ማን የማይፈራሽ አለ? ወላጆች እንኳ ከአንቺ ጽሕፈት ቤት ሲወጡ ያልባቸዋል።»

ናሬል ሳትወድ ፈገግ አለች። ቅናቷ ግን አልሄደም። ከጆዲ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ የራሷን ሕመም በእህቷ አፍ የሰማችበትን ቀን እያሰበች፣ ቅናቱ በሌላ ጎኑ ተገልብጦ ሲተኛ ተሰማት።

«የአንቺን ንገሪኝ» አለች። «ለእኔ።»

ጆዲ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ አይደለም። ዛሬ ተናድጄብሻለሁ።»

«እሺ።»

የቴትሎው ጠበቆች የትርዒቱን ነገር ሲሰሙ አቧራ አስነሱ። ዳኞቹ ግን ሴትዮዋን አስጠይቀው፣ ምንም እንዳልተነገረ አረጋግጠው፣ ነገሩን ዘጉት። ናሬልን ከባድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ለቀቋት። ያን ቀን ሴትዮዋ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳው ቢሆን ኖሮስ? ናሬል ይህን ማሰብ አትወድም።

የውሳኔው ቀን ሁለቱ እህትማማቾች በባቡር ሲድኒ ሄዱ። እናታቸው ወገባቸውን አሟቸው ቀሩ። ቴትሎው ከእስር ቤት ሆኖ በግድግዳው ላይ ባለ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ ሸምግሏል፣ ጆሮው ተልቋል። ጆዲ ወደዚያ ላለማየት የናሬልን ትከሻ አየች። ሦስቱ ዳኞች ገቡ። መካከለኛው ዳኛ ለመናገር የፈጀባቸው ጊዜ ሻይ ከመቅዳት ያነሰ ነበር። ይግባኙ ውድቅ ሆኗል፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል አሉና ተነሥተው ወጡ።

ጆዲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ናሬል ጀርባዋን ደባበሰቻት። ደስ አላት፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ከደስታውም ሥር ያው የቀድሞው ነገር እንደተጋደመ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሚስ ፓርናቢ ወረቀቱን እያገላበጠች መጣች። «ስለ እርስዎም ጽፈዋል» አለቻት። «ልንገርዎት?»

ናሬል አንገቷን ነቀነቀች።

«ጁሪው ውሸታም ብሎዎት ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር የለም ይላሉ። በእርስዎ ክሶች ነጻ ለማለት የገንዳው መዘጋት ብቻውን ይበቃል። እርስዎን አምነውም፣ ቀኑ አጠራጥሯቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ውሳኔዎች አይጋጩም።»

«ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ማለት አይችሉም።»

ናሬል ያቺን ቃል በአፏ ውስጥ ቀመሰቻት። ለጆዲ «ጥፋተኛ ነው» ተብሎ ተሰጣት፤ ለእሷ «ሊሆን ይችላል»።

ውጭ ሲወጡ ነፋስ ነበር። ጆዲ ቀሚሷን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ለእናቷ ደወለች። ከስልኩ ውስጥ የደስታ ጩኸት ወጣ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ጆዲ ሰማችና ስልኩን ወደ ናሬል ዘረጋች።

«ስለ አንቺ ነው የምትጠይቀው። ራስሽ ንገሪያት።»

ናሬል ተቀበለች። «እማ።»

«አንቺን ምን አሉሽ?»

«አልዋሸችም፣ ቀኑን ተሳስታ ሊሆን ይችላል አሉ።»

«ሊሆን ይችላል?» አሉ ቤቭ። «ሊሆን ይችላል ማለት ምን ማለት ነው? ትልልቅ ሰዎች አይደሉም እንዴ? ለዚህ ነው ሦስት ሆነው የተሰበሰቡት? ልጄን ከእኔ በላይ ያውቋታል እንዴ? ስሚ፣ መካከል የተቀመጠውን ስሙን ንገሪኝ፤ እኔ ወገቤ ይሻለኝ እንጂ!»

ናሬል ሳቅ አፈናት። እናቷ አንደኛውን ዳኛ ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ተሻግረው ነበር፤ የማያውቁትን ፊቱን፣ ያላዩትን ካባውን ሁሉ ይሰድቡ ጀመር። ይህ ስድብ ለናሬል ሲባል የተሰደበ ነበር፤ የሷ ብቻ። ለጥቂት ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ብቻዋን ሰማችው። ጆዲ በነፋሱ ውስጥ ቆማ ታያታለች።

«ምን ትላለች?» አለች ጆዲ።

ናሬል ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ሁለቱም እንዲሰሙት በመካከላቸው ያዘችው።